ለማወቅ ያህል የሚመጡት ደንበኛ

የጉዞ ወኪል ባለበት አገር ሁሉ፣ ወኪሉን አንዲት ሳንቲም ሳይከፍል ምራቁን የሚያደርቅ አንድ ሰው አለ። ወንበር ስቦ ይቀመጣል፣ ሁሉን ይጠይቃል፣ ሁሉን ይጽፋል። ከዚያ አመስግኖ ይወጣና ጉዞውን በገዛ እጁ ይይዛል። ካይሮ ውስጥ፣ ሹብራ ሰፈር፣ ይህ ሹመት የክቡር ኡስታዝ ፋክሪ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የተቀናቀናቸው የለም።

ኡስታዝ የሚባሉት እንደ አገሩ የአክብሮት አጠራር ነው እንጂ ጡረታ የወጡ የፖስታ ቤት ተቆጣጣሪ ናቸው። የሚኖሩበት ሕንፃ ምድር ቤት ላይ ደግሞ የማዳም ኢናያት የጉዞ ወኪል ቢሮ አለ። ድሮ ሦስት ጠረጴዛ ነበረው። ሰው ሁሉ ጉዞውን በስልኩ መያዝ ሲጀምር አንድ ቀረ።

ሐምሌ በገባ በሦስተኛው ቀን፣ የቀትሩ ሙቀት ትንሽ ሲበርድ፣ ኡስታዝ ፋክሪ በተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ ከፎቅ ይወርዳሉ። ማስታወሻ ደብተራቸውን ጉልበታቸው ላይ ይዘረጋሉ። «ማዳም ኢናያት፣ ለማወቅ ያህል ነው እንጂ…» ይላሉ። ይቺን «እንጂ» ስትሰማ ኢናያት ሻይ ታስመጣለች። ነገሩ በአንድ ብርጭቆ እንደማያልቅም ታውቃለች።

ለማወቅ ያህል፣ ወደ ባሕር ዳርቻዋ ከተማ ወደ መርሳ ማትሩሕ በሚሄደው አውቶቡስ ፀሐይ የማይመታው የትኛው ወገን ነው? ለማወቅ ያህል፣ ከባሕሩ ሁለተኛው መንገድ ላይ ያለው ሆቴል ቁርስ የሚለው እውነተኛ ቁርስ ነው ወይስ ሦስት ፍሬ ወይራ? አልጋው ይጮኻል? ትንኙስ ከየት በኩል ነው የሚገባው? ይህን ሁሉ በፖስታ ቤት የእጅ ጽሑፍ ከመዘገቡ በኋላ ደብተሩን ጠቅ አድርገው ይዘጉታል።

«እንግዲህ ክፍሉን ልያዝልዎት?» ትላለች ኢናያት፣ መልሱን እያወቀች።

«ባሕሩን ደላላ አልፈጠረው፣ ማዳም።»

«እኔ ወኪል ነኝ፤ ደላላ አይደለሁም።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«ደላላ ሻይ አያጠጣም።»

አንድ ዓመትማ ሆቴሉ ዘንድ አስደውለው ዋጋውን ካስጠየቁ በኋላ፣ ወጥተው እዚያው መስኮቷ ሥር ቆመው በራሳቸው ስልክ ደወሉ። «ያለ ወኪል ነው የምመጣው፤ ስንት ትቀንስልኛለህ?» ሲሉ በመስታወቱ ውስጥ ቃል በቃል ይሰማት ነበር። ሌላ ዓመት ደግሞ መንገዱን በሦስት አውቶቡስ ቆራርጦ መሄድ ይረክሳል ብለው ሟች ባለቤታቸውን ማዳም ሱሄይርን ሲያንገላቱ ዋሉ። ሱሄይር፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ማትሩሕ ስትደርስ ባሕሩን አየት አድርጋ «ይኸው ነው?» አለችና ሁለት ቀን ተኛች።

ዘንድሮ ግን ሐምሌ ገባ፣ ሦስተኛው ቀን አለፈ፣ ሁለተኛው ሳምንት ተጋመሰ፤ ኡስታዝ ፋክሪ የሉም። ኢናያት ሳይታወቃት በሩን በሩን ማየት ጀመረች። ደግሞ ተናደደች። የማይከፍል ደንበኛ ቀረ ብሎ የሚከፋው ሰው አለ?

አንድ ቀን የሕንፃው ዘበኛ፣ ሰው ሁሉ አጎት የሚለው በሽንዲ፣ ብቅ አለ። «ኡስታዝ ፋክሪ ዛሬ ጧት ሁለት ሻንጣ ይዘው ወጡ» አላት።

«ለአንድ ሰው ሁለት?»

«አንዱ የማዳም ነጋት ነው። አልሰማሽም እንዴ? ካገቧት አሥራ ሁለት ቀናቸው። ባሏ የሞተባት ናት፣ ደግ ሴት። ልጆቿ ግን «በዚህ ዕድሜሽ ሰው ይስቅብሻል» ብለው ኒካው ላይ እንኳ አልተገኙም።»

«ታዲያ እኔን ምነው ሸሹኝ?»

«አፍረው ነዋ። አንቺ ማዳም ሱሄይርን ታውቂያታለሽ። ለሁለት ሰው አንድ ክፍል ስንት ነው ብለው በየት ዓይናቸው ይጠይቁሽ?»

ኢናያት ሐዘንም ሳቅም አንድ ላይ መጣባት።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኳ ጮኸ።

«ማዳም ኢናያት፣ ለማወቅ ያህል ነው እንጂ…» የኡስታዝ ፋክሪ ድምፅ ቀጥኗል። «ሆቴል ውስጥ የጋብቻ ውል ይጠይቃሉ እንዴ?»

ኢናያት ዓይኗን ጨፈነች። ወንድና ሴት ያለ ውል አንድ ክፍል እንደማይሰጣቸው ለደንበኛ ሁሉ የምትናገረው የመዋኛ ልብስ ያዙ ከማለቷ በፊት ነው። ለኡስታዝ ፋክሪ ግን ነግራቸው አታውቅም። የሱሄይር መታወቂያ ላይ የባሏ ስም ስለነበረ አስፈልጓቸው አያውቅም።

«ውሉ የት ነው?»

«ቤት፣ መሳቢያ ውስጥ። እንዳይጠፋ ብዬ ቆለፍኩበት።»

«የማዳም ነጋት መታወቂያስ?»

«አሁንም ባሏ የሞተባት ነው የሚለው። በአሥራ ሁለት ቀን መቼ ይቀየራል?»

«ምን ወረቀት ይዘዋል ታዲያ?»

«የመብራት ደረሰኝ ይዣለሁ። የጡረታ ደብተር። የደም ግፊት መድኃኒት ማዘዣም አለኝ፣ በማኅተም።»

«ማዳም ነጋትስ የት ናት?»

«ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣለች። ሰው ሁሉ ያያታል። የእንግዳ መቀበያው ልጅ በተለያየ ፎቅ ሁለት ክፍል ልስጣችሁ ሲላት ፊቷን ሸፈነች። መልሰኝ ብላኛለች። ወደ ቤታችን አይደለም፣ ማዳም፤ ወደ ልጇ ቤት። ዛሬ እዚያ ከገባች በኋላ አትመለስልኝም።»

የሃያ ሁለት ዓመት መልስ ኢናያት ምላስ ላይ ተሰልፎ ቆመ። ባሕሩን ማን እንደፈጠረው ልትጠይቃቸው ምንም አልቀራትም። ግን ዋጠችው።

«ቁልፍ?»

«የቤቱ በሽንዲ ጋ። የመሳቢያው ስኳር ዕቃው ውስጥ።»

«ልጁን አገናኙኝ።»

የእንግዳ ተቀባዩ ወጣት ድምፅ መጣ። «ልጄ» አለችው ኢናያት፣ «እኚህን ሰው ሃያ ሁለት ዓመት አውቃቸዋለሁ። ያላገቧትን ሴት ይዘው ለመምጣት ድፍረቱ ቢኖራቸው እንኳ የአውቶቡስ ትኬት አይቆርጡላትም ነበር።»

ልጁ ሳቀና እንደ ትልቅ ሴት በአክብሮት ጠራት። «አምንሻለሁ፣ ሐጃ። ግን ፖሊስ መዝገቡን ያያል። ወረቀት ነው የምፈልገው።»

«ግማሽ ሰዓት ስጠኝ። እስከዚያ ለማዳም ነጋት ወንበርና ሻይ አምጣላት። ሻንጣ ላይ የተቀመጠች ሙሽራ ለሆቴላችሁም ጥሩ ስም አታመጣም።»

«እሺ፣ ሐጃ።»

ኢናያት በጠራራ የሥራ ሰዓት ቢሮዋን ቆለፈች። አሳንሰሩ ስለማይሠራ አምስት ፎቅ በእግሯ ወጣች። አጎት በሽንዲ ከኋላዋ እያለከለከ «ቀስ በይ እንጂ፣ ሙሽራዋ አንቺ ነሽ እንዴ» ይላታል። ስኳር ዕቃው ተገኘ፣ ቁልፉ ተገኘ፣ ውሉም በሁለት ላስቲክ ተጠቅልሎ ተገኘ። እላዩ ላይ የሁለቱም ፎቶ ተለጥፏል። ኡስታዝ ፋክሪ ፈተና ክፍል የገባ ተማሪ መስለዋል። ነጋት ደግሞ ሳቋን በግድ ይዛ ነው የተነሳችው። ኢናያት የነበራት ቂም ሁሉ እዚያው ለቀቃት። ፊቱንም ጀርባውንም በስልኳ አንስታ ለሆቴሉ ላከችና በኡስታዝ ፋክሪ የወጥ ቤት ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀች።

ስልኩ ሲጮህ የሴት ድምፅ ነበር።

«ማዳም ኢናያት? ነጋት ነኝ። ፈቀዱልን። አላህ ያክብርሽ፣ እህቴ።»

«እንኳን ደስ ያለሽ።»

«መንገዱን ሙሉ ስላንቺ ነበር የሚያወራኝ። የኛ ወኪል ነው የሚልሽ። ያለ እሷ ምክር ማትሩሕን ረግጬ አላውቅም አለኝ። ዘንድሮ ብቻ ነው አፍሮ የቀረው።»

ኢናያት የስኳር ዕቃውን ክዳን መልሳ ገጠመች።

«አሁን ልጁ ሁለት ክፍል አሳየን» ቀጠለች ነጋት። «የፊቱን እንውሰድ ወይስ የጓሮውን? እሷን ጠይቂያት አለኝ።»

«የጓሮውን። የፊቱን ከወሰዳችሁ የሙሽራ መኪና ጥሩንባ አያስተኛችሁም። ሦስተኛ ፎቅ ከሆነ ደግሞ በማዕዘኑ መስኮት ባሕሩ ይታያችኋል።»

ከነጋት ኋላ የኡስታዝ ፋክሪ ድምፅ ተሰማ። «ይኼን የነገርኳት እኔ ነኝ።»

ልክ ናቸው። ማዳም ኢናያት ማትሩሕን አይታ አታውቅም። በሙቀቱ ወራት ሥራ ስለሚበዛባት ቢሮ ዘግታ አትሄድ፣ በብርዱ ወራት ባሕሩ ይቀዘቅዛል፣ እንዲሁ ሃያ ሁለት ዓመት አለፈ። በየመስከረሙ ግን ኡስታዝ ፋክሪ ከማትሩሕ ሲመለሱ ቢሮዋ ገብተው ሦስት ሰዓት ያማርሩላታል፤ እሷም አንድ በአንድ ትጽፋለች። ለከፋይ ደንበኞቿ የምትነግረው እሱን ነው። በሐምሌ ኡስታዝ ፋክሪ ሲጠይቋት የምትመልስላቸውም እሱኑ ነው። ቢሮዋ እስከዛሬ በር ከፍቶ ያደረው በኡስታዝ ፋክሪ ምሬት ነው ቢባል ውሸት አይሆንም።

«ማዳም ነጋት» አለች ኢናያት፣ «አንድ ነገር ጠይቂልኝ። ሦስተኛ ፎቅ ያለው የመታጠቢያ ቤት ቧንቧ አሁንም ያንጠባጥባል ወይ? ነገ የሚመጣ ደንበኛ አለኝ።»

የእግር ኮቴ ተሰማ። በር ተከፈተ፣ ውሃ ወረደ፣ ተዘጋ። ከዚያ ኡስታዝ ፋክሪ፣ ድምፃቸው ተመልሶላቸው፣ ከሩቅ ተናገሩ።

«ብዕር ያዢ በያት።»