በጀርባዬ የሞተችው ስብ

ከበሽተኛ ሁሉ ሞኙ ሐኪም ሳያየው የሚናዘዝ ነው። አታምኑኝም? እንግዲያውስ የኔን ጉድ ስሙ።

ባለፈው ጥምቀት እዚሁ ንፋስ መውጫ ጉግስ ስንጫወት የሚስቴ ወንድም ውቤ በፈረስ አባሮኝ ዘንጉን ወረወረ። እሱ "ጀርባውን አግኝቼዋለሁ" አለ፤ እኔ "ጋሻዬ መልሶታል" አልኩ። በዚሁ ተኳረፍን፤ ሰላምታም ቀረ።

ከሁለት ወር በኋላ ሚስቴ የሺ ጀርባዬን ስታሽልኝ እጇ ቀጥ አለ።

"ይኼ እብጠት ምንድን ነው?"

ከቆዳዬ ሥር ባቄላ የምታክል ጠጣር ነገር ተቀምጣለች። ጎረቤት ሁሉ መጥቶ ዳሰሰኝ፤ የዳሰሰኝ ሁሉ ደግሞ እንዲህ ያለ እብጠት የገደለው አንድ ዘመድ አለው። ፈራሁ፣ ምን እደብቃችኋለሁ! የንስሐ አባቴንና ሁለት ሽማግሌዎች አስጠርቼ ተናዘዝኩ። ቤቱን ለየሺ፣ እንደ ዓይኔ ብሌን የማየውን ዳማ ፈረሴን ደግሞ ለዕርቅ ብዬ ለውቤ። ውቤ አለቀሰ፤ ፈረሱንም ያኔውኑ ይዞ ሄደ። ዘንጉ እንደነካኝ ግን ያን ጊዜም አላመንኩም።

ደብረ ታቦር ሐኪም ዘንድ የሄድነው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

"አይዞዎት፣ ክፉ ነገር አይመስልም" አለኝ ሐኪሙ። "ከቆዳ ሥር ያለ ስብ ምት ሲያገኘው ሞቶ እንዲህ ይጠጥራል። ጀርባዎን የመታዎ ነገር አለ?"

የሺ አየችኝ።

"ኧረ የለም" አልኩ።

"እንግዲያው ምንነቱ እንዲለይ ቆርጠን እናወጣዋለን።"

ቢላው ሲታየኝ ወኔዬ ከዳኝ። "በጥምቀት... ዘንግ... ትንሽ ነካ አድርጎኛል።"

ሐኪሙ በመርፌ ናሙና ወስዶ የሞተ ስብ መሆኑን አረጋገጠ። የሺ ግን ውጤቱን አልጠበቀችም፤ ስልኳን አውጥታ "ውቤ፣ አግኝተኸዋል!" አለችው።

እፎይ ብዬ አገሬ ገባሁና ፈረሴን እንዲመልስልኝ ውቤን ጠየቅሁ።

"ተናዝዘህ የለም እንዴ?" አለ ውቤ።

"አልሞትኩማ።"

"ሁለመናህ አልሞተም። ስብህ ግን ሞቷል፤ ሐኪም የመሰከረው ነው። የሟቹን ድርሻ ስጠኝ።"

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። "አባ፣ እርስዎ ይፍረዱኝ" አልኳቸው የንስሐ አባቴን። ጢማቸውን እያሻሹ ፈረዱ።

"ልጄ፣ የሞተብህ ባቄላ ታህላለች። ስለዚህ ዳማው ያንተ ነው፤ ከዓመት አንዲት ቀን ብቻ የውቤ ይሁን። ቀኗን እሱ ይምረጥ።"

አንዲት ቀን ምን አላት ብዬ እሺ አልኩ። ውቤም መረጠ። ጥምቀትን።

እንግዲህ በመጪው ጥምቀት እኔ በተውሶ በቅሎ ከፊት እሮጣለሁ፤ ውቤ በገዛ ፈረሴ ከኋላዬ ይከተለኛል። የቀረውን ስቤን እግዜር ይጠብቀው።