«አልቆይም» ባዩ አማቴና ፍላሻቸው

ዘመድ ያለው ሰው ሁሉ አንድ «አልቆይም» ባይ አለው። በር ላይ «አልገባም» ይላል፣ ይገባል። «አልቀመጥም» ይላል፣ ወንበር ጫፍ ላይ ይቀመጣል። ከሦስት ሰዓት በኋላ «በሉ ልሂድ» ብሎ አዲስ ወሬ ይጀምራል። የእነዚህ ሰዎች ሊቀ መንበር የሚስቴ አባት፣ ክቡር አማቴ ናቸው።

ክቡርነታቸው ሠላሳ አንድ ዓመት ባለተሳቢ የነዱ ሾፌር ናቸው። አሁን ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ዓይናቸው ደክሞ መንጃ ፈቃዳቸው አልታደስ ካለ ወዲህ፣ ቁልፍ መያዣቸው ላይ በመኪናው ቁልፍ ፋንታ ፍላሽ ተንጠልጥሏል። ፍላሹ ውስጥ ሊኑክስ የሚሉት ኮምፒውተር ማስነሻ ፕሮግራም፣ ሊኑክሱ ውስጥ የከባድ መኪና ጌም አለ። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ በሁለት አውቶቡስ ይመጡና «አልቆይም፣ ልሞክራት ብቻ ነው» ብለው ሚስቴ ላፕቶፕ ላይ ይሰኩታል።

ሚስቴ በዚያ ላፕቶፕ የሕንፃ ፕላን ነው የምትሠራው። የመጀመሪያው ቀን ፊቷ ተለዋወጠ።

«አባዬ፣ አንዲት መስመር ብትጠፋ አለቀልኝ!»

«እኔ ምኑን እነካዋለሁ? ፍላሹ ሳሎን ቁጭ ብሎ የሚወጣ እንግዳ ማለት ነው። ጓዳ አይገባም።»

ላፕቶፑ ሲነሳ ኤፍ አሥራ ሁለት የምትለዋን ቁልፍ እንደ ክላክስ ደበደቧት። «ሳትጭን ሞክር» እና «ጫን» የሚሉ ምርጫዎች መጡ። ጣታቸው «ሞክር» ላይ እስኪያርፍ ሚስቴ ትንፋሽ አልነበራትም። ከዚያ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ። እኔ ውሃ ላመጣላት ተነሳሁ፤ እሳቸው ግን ከኪሳቸው ደብተር አውጥተው አነበቡና «ቪዲዮ ካርዱ ነው፣ ትንሽ ኩራት አለበት» አሉ። አጥፍተው አስነሱት፣ ሌላ ምርጫ ገቡ፣ የጌሙ መኪና ተነሳ። በስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ ማንም ሳያሳያቸው! እኔ ከፕሪንተራችን ጋር እንኳ እስከ ዛሬ ተኳርፈን ነው የምንኖረው። ማታ ሚስቴ ፕላኖቿን አንድ በአንድ ከፈተች፤ ሁሉም እንደነበሩ ነበሩ።

ችግሩ፣ ላፕቶፑ ሲጠፋ ሊኑክሱ የሆነውን ሁሉ ይረሳል። ስለዚህ የሠላሳ አንድ ዓመት ሾፌር በየሳምንቱ እንደ ጀማሪ የጌሙን የመንጃ ፈቃድ ፈተና ይፈተናሉ። ወደ ኋላ ሲያስገቡ ዞር ብለው የሳሎናችንን ግድግዳ ያያሉ። ኩርባ ላይ ከነወንበራቸው ያጋድላሉ። ጌሙ ባያስገድዳቸውም ለእግረኛ ይቆማሉ። «አለፍኩ!» ሲሉ ጎረቤት ይሰማል። እስከ ባለፈው ሳምንት ድረስ አርባ አንዴ አልፈው ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ሚስቴ አዘነችላቸው። የድሮ ላፕቶፗን አጽድታ ጭናቸው ላይ አስቀመጠችላቸው።

«ይኸው፣ የራስህ። ሊኑክሱን ጫንበትና ቤትህ ሆነህ ተጫወት። ደረጃህም አይጠፋብህም።»

አማቴ ላፕቶፑን አገላብጠው አዩት።

«ይሄ ከተጫነማ» አሉ በመጨረሻ፣ ፍላሿን እያሻሹ፣ «እናንተ ቤት ምን ብዬ እመጣለሁ?»

ሚስቴ ወደ ጓዳ ገባች፤ አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማኋት። እኔ የድሮውን ላፕቶፕ ወስጄ ቁም ሣጥን ላይ ሰቀልኩትና ባለመደገፊያውን የራሴን ወንበር ለሾፌሩ አቀረብኩ። ፈተናውን ለአርባ ሁለተኛ ጊዜ አለፉ። እኔም የገዛ ልጄ ያለፈ ይመስል ብድግ ብዬ አጨበጨብኩ፤ እንደዚያ ቀን በሰው ኮርቼ አላውቅም።

«አልቆይም እንግዲህ» አሉ፣ መደገፊያው ላይ ተደላድለው።

«ማን ሂዱ አለዎት፣ አባባ?»