የአማቴ አደራና የሚያንጠባጥበው ቧንቧ

ጎበዝ፣ ዛሬ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር!

ያ ጠዋት ማታ ፖስት የማደርገው አበባ ትዝ ይላችኋል? "ሊፈነዳ ነው፣ ጠብቁኝ" እያልኩ ያደረቅኳችሁ?

አበባ አይደለም።

ቄጤማ ነው። አዎ፣ የበዓል ቄጤማ!

እናንተስ ብትሆኑ? ያን ሁሉ ላይክ ስታደርጉ አንድ "ኧረ ቄጤማ ነው" የሚል ኮሜንት ይጥፋ? ሼም ነው!

ነገሩ እንዲህ ነው። አማቴ፣ የባሌ እናት፣ የደብረ ኤልያስ ሰው ናቸው። ከቤታቸው ሥር ረግረግ ነበረ፤ በየዓመቱ ቀይና ቢጫ አበባ እንደ ችቦ ቀጥ ብሎ የሚቆምበት። አባታቸው የሚወዱት አበባ ነበር። አሁን ረግረጉ ደርቆ ባሕር ዛፍ ተተክሎበታል። የተረፈችውን አንዲት ሥር ከነጭቃዋ በፌስታል ቋጥረው "አደራ" ብለው ሰጡኝ። ለልጃቸው አይደለም፣ ለኔ! ኩራቴን አትጠይቁኝ።

ደብረ ማርቆስ አምጥቼ ደጃፌ ላይ ተከልኳት። ከጭቃው ሁለት ዓይነት ቅጠል በቀለ። ወፍራሙንና ገርጣ ያለውን አረም ነው ብዬ ነቅዬ ወደ ጓሮ ወረወርኩት። ቀጭኑን ግን ፍግ ብትሉ፣ ውሃ ብትሉ፣ ቪዲዮ ብትሉ...

ዛሬ አማቴ ሳይደውሉ ከች!

ቆመው አዩት። ጎንበስ ብለው አዩት።

"ልጄ፣ ይሄማ ቄጤማ ነው። አበባዬስ?"

"አረም መስሎኝ ጣልኩት፣ እማማ" አልኩ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር! ፊታቸውን ሊታጠቡ ወደ ጓሮ ሄዱ። እኔ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብዬ ተነፋረቅኩ።

ከዚያ እልልታ ሰማሁ።

የምን እልልታ?!

ባሌን "ጠግነው!" እያልኩ ስጨቀጭቀው የከረምኩት የሚያንጠባጥብ የጓሮ ቧንቧ አለ አይደል? ጭቃውን ሽሽት ደርሼበት የማላውቀው? እሱ ሥር አበባው ቀጥ ብሎ ቆሟል! ቀይ! ቢጫ!

ተመስገን! እማማ አንገት ላይ ተጠመጠምኩ።

"እንኳንም ጣልሽው!" አሉኝ እንባቸው እስኪመጣ እየሳቁ። "ይሄ ጭቃ ነው የሚስማማው።"

ቄጤማዬን አጭጄ ለክብራቸው ቤቱን ጎዘጎዝኩት። ያን ያህል ተንከባክቤው ለዚህ እንኳ አይሁን?

ባሌ ሲገባ ነገሩን ሰማ። ደረቱን ነፋ።

"አየሽ፣ ያልጠገንኩት አውቄ ነው!"

እማማም አከሉበት፤ "ይህን ቧንቧ ማንም እንዳይነካው!"

አሁን እኔ ይሄን ሰውዬ በምን አፌ ልጨቅጭቀው?