የእትዬ ሆዴን ምሳ

እትዬ ሆዴን የከሳችው ፍቅር ይዟት ነው አሉ። ሰውየው ባለትዳር ነው ያሉም ነበሩ፤ አንዷማ የሸሚዙን ቀለም ሳይቀር ተናገረች። ውሸት ነው። የያዛት ሌላ ነገር ነው፤ ምን እንደሆነ ግን ፀጉር ቤቱ ሙሉ ሸንጎ ተቀምጦ ሲፈርድ ከርሞም አላወቀው።

መቼም ሁሌ የሚያመው አንድ ሰው የሌለበት ቤተሰብ የለም። «እንዴት አደርሽ?» ብለው የሚሸሹት ዓይነት፤ መልሱን ከጠበቁማ መሸባቸው። የዚህ ማዕረግ ባለቤት፣ በታናሽ እህቷ ፀጉር ቤት ጓዳ ተቀምጣ ልብስ የምታጠብብና የምታሳጥረው ክብርት እትዬ ሆዴን ናት። ስሙን ያወጣችላት ራሷ ታናሽዋ ናት። ምሳ ተበልቶ ብዙም ሳይቆይ ከጓዳው «ኧረ ሆዴን! ሆዴን!» ይሰማል። ከዚያ እትዬ ሆዴን መሬት ላይ ተንበርክካ ደረቷን በርጩማው ላይ ትደፋለች። አንዲት ቀሚስ ልትወስድ የገባች ደንበኛ ይህን አይታ፣ ጸሎት ላይ ያገኘቻት መስሏት፣ ጫማዋን አውልቃ ቆመች።

ደንበኛው ሁሉ ሐኪም ነው።

«ጨጓራ ነው» ትላለች ጭንቅላቷ በአረፋ የተሸፈነችው። «እኔን ያዳነኝ ቀዝቃዛ ወተት ነው።»

«ወተት? ልትገድያት ነው እንዴ? ሙዝ ትብላ።»

«ባል ነው የሚያድናት!»

ፀጉር ሠሪዋም ማበጠሪያዋን እያወዛወዘች፣ «እህቴን ተዉልኝ፤ ሕመም ካጣች ያማታል» ብላ ታስቃቸዋለች። የምር ሐኪሞቹም ቢሆኑ በአፏ ካሜራ አስገብተው ጨጓራዋን አዩና፣ «ንጹሕ ነው፤ ጭንቀት ይሆናል» ብለው መለሷት። ፀጉር ቤቱ በደስታ ፈነጠዘ። «ይኸው! አላልንም?» አሉ፤ ጨጓራ ነው ብለው የማሉት ጭምር።

ሳቁ ያበቃው ፀጉር ሠሪዋ የእህቷን ቀሚስ ከጀርባ ስትቆልፍላት ነው። እትዬ ሆዴን ቀሚሱን በገዛ እጇ ደጋግማ አጥብባዋለች፤ ያም ሆኖ ይሰፋታል። ከጨርቁ ስር የጎድን አጥንት እንጂ እህት አልተገኘችም።

«እትዬ፣ ምግብ አቁመሻል እንዴ?»

«አላቆምኩም። ፈራሁት እንጂ።»

ፀጉር ሠሪዋ ያን ዕለት ቤቱን ዘግታ፣ ግማሽ ፀጉሯ የተሠራላትን ሴት እንኳ ደጅ አስቀርታ፣ እህቷን ይዛ ሌላ ሐኪም ጋ ሄደች።

«ሲያምዎት ምን ቢያደርጉ ይሻልዎታል?» አለች ሐኪሟ።

ይህን የጠየቃት ሰው ኖሮ አያውቅም። እትዬ ሆዴን ከአልጋው ወርዳ ተንበረከከች። ፀጉር ሠሪዋን ኀፍረት ሊገድላት ደረሰ። ሐኪሟ ግን አልሳቀችም። መልሳ አስተኛቻትና የአልትራሳውንዱን መሣሪያ ከደረቷ በታች አሳርፋ፣ «ትንፋሽዎን ሙሉ በሙሉ ያውጡና ይያዙት» አለቻት። ከማሽኑ ሽው ሽው ሲል የነበረው የደም ድምፅ ፉጨት ሆነ። ሌላም ምርመራ ተጨመረና ነገሩ ተረጋገጠ።

«ለሆድ ዕቃ ደም የሚያደርሰውን ትልቅ ደም ሥር ጅማት ተጭኖታል» አለች ሐኪሟ። «ሲበሉ ሆድዎ ብዙ ደም ይፈልጋል፤ መንገዱ ግን ጠቧል። ጎንበስ ሲሉ ጫናው ይቀላል። የሆድ ሕመም ሁሉ ይኼ አይደለም፤ ብዙም ስለማይገጥም ፈልጎ የሚያየው ጥቂት ነው።»

«የውኃ ጎማ ላይ ሰው እንደቆመ ማለት ነው?» አለች ፀጉር ሠሪዋ።

«ልክ እንደዚያ።»

እትዬ ሆዴን ወደ እህቷ ዞረች። «አንቺ! ይሄን ሁሉ ዓመት ቆመሽብኝ!»

በቀዶ ሕክምናው ቀን፣ አፏን ዘግታ የማታውቀው ፀጉር ሠሪ ኮሪደሩ ላይ ሻርፗን ነክሳ ተቀመጠች። ያ ከጓዳ የሚመጣ «ኧረ ሆዴን!» ለዘለዓለም ቢጠፋስ? እንደዚያ የሚያሰለች ድምፅ እንደዚያ ይናፍቃል ብላ አስባ አታውቅም።

ጅማቱ ተለቀቀ። እትዬ ሆዴን አገግማ ወደ ጓዳዋ በተመለሰች ቀን፣ ምሳዋን ለማየት ደንበኛ ሁሉ በሩ ላይ ተሰበሰበ፤ ፀጉሯ የሚንጠባጠብም ነበረች። ቀስ ብላ በላች። ሁሉም ትንፋሹን ይዞ ጠበቀ። አልተንበረከከችም። ሳህኑን ባዶ አድርጋ፣ አፏን ጠርጋ፣ አንድ በአንድ አየቻቸው።

«እናንተ» አለች፣ «ከእንግዲህ በምን ልታሙኝ ነው?»