ጎትተው እስቲ!

በየዘመድ አዝማዱ መካከል፣ ሰው ቤት ሲገባ ከባለቤቱ በፊት ሶኬቱን ሰላም የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። እናንተ ዘንድ ከሌለ ገና አልመጣም ማለት ነው። የእኛው የባለቤቴ አጎት ናቸው። ሠላሳ ዓመት በፋብሪካ ኤሌክትሪክ ሠራተኛነት ኖረው ጡረታ ወጡ፤ ጡረታው ግን የፋብሪካው ሐሳብ እንጂ የእሳቸው አልነበረም። የሰፈር ልጆች «ጋሽ ጎትት» ይሏቸዋል። እኔ በሆዴ «ክቡር የብሎኖች ሁሉ የበላይ ጠባቂ» እላቸዋለሁ።

ክቡርነታቸው ካቻቢቴ ኪሳቸው ሳይከቱ ከቤት አይወጡም። አንድ ጊዜ የታመመ ሊጠይቁ ገብተው፣ በሽተኛውን ትተው የራስጌውን መብራት ሲመረምሩ ተገኙ። «እሱስ ይድናል፤ የማትተርፈው ይቺ ስፒና ናት» አሉ። እውነትም ሰውየው ዳነ፤ ስፒናዋ ተጣለች።

ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ የማሽኑ ስፒና እንደሚግል አምልጦት ነገራቸው። ወዲያው ብሬከሩን አጠፉበት፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ደንበኛ ገና ግማሽ ጭንቅላቱ ነው የተላጨው። ስፒናውን ፈቱና ከብሎኑ ውጭ የተንጠለጠለች አንዲት የመዳብ ክር አሳዩት።

«አየህ? እህቶቿ ሥራ ላይ ናቸው፤ እሷ ጎረቤት ልትጠይቅ ወጥታለች። ማዶ ያለውን ብሎን የነካች ቀን እሳት ነው!»

«እኔ እኮ ፀጉሬን ልቆረጥ ነው የመጣሁት» አለ ደንበኛው።

እኔም በተራዬ ተያዝኩ። ሴት ልጃችን የተወለደች ሰሞን የክፍሏ ማሞቂያ ስፒና ተሰበረ። ባለቤቴ «አጎቴን ልጥራ?» ብትለኝ «እኔ ምን ጎደለኝ?» ብዬ ራሴ ቀየርኩት። ክሮቹ እንዳይበታተኑብኝ ጫፋቸውን በቀለጠ የብየዳ እርሳስ፣ በስታኞ፣ ነክሬ ድርቅ አደረግኳቸው። ለሳምንት ያህል ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ።

ከሦስት ወር በኋላ ጋሽ ጎትት ልጂቱን ሊያዩ መጡ። ልጂቱን አላዩም። ስፒናውን በመዳፋቸው ዳበስ አድርገው «ትግላለች» አሉ።

«ማሞቂያ አይደል ጋሼ?»

«ማሞቂያው ይጋል፤ ስፒናዋን ምን አገባት?»

ነቅለው ፈቱትና ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። «ጎትተው እስቲ!»

በሁለት ጣቴ ሳብ ሳደርገው ሽቦው ያለ ምንም ትግል ወጥቶ እጄ ላይ ቀረ። የስፒናው ውስጥ ጠቁሯል። የልጄ አልጋ ከዚያ ሁለት እርምጃ አይርቅም።

አልተቆጡኝም። «ስታኞ ሆዱ ቡቡ ነው» አሉ። «ብሎን ሲጫነው እሺ እሺ እያለ ይሸሻል። ዛሬ ጠበቀ ብለህ ትተኛለህ፣ ሲከርም ላልቷል።» ስታኞ የነካውን ቆርጠው ጣሉ። አንዲት ክር ሳይበጥሱ የሽቦውን ልባስ ገፈፉ፣ ክሮቹን ሰብስበው ትንሽ የመዳብ ቆብ አለበሷቸው፣ ቆቡን በፒንሳ ጨምቀው ብሎኑ ሥር አስገቡና አጠበቁ። ጎተቱት። አልወጣም። ያኔ «በሉ፣ አሁን ልጂቱን አምጡልኝ» አሉ።

ዘንድሮ ደወሉልኝ። «ና እስቲ፣ የራስጌ መብራቴን ስፒና ልቀይር ብዬ ክሮቹ እምቢ አሉኝ።» ስሄድ እምቢ ያሉት ክሮቹ አልነበሩም፤ ጣቶቻቸው ነበሩ። ይንቀጠቀጣሉ። አየሁ፤ እንዳላየ ሆንኩ።

እንዳስተማሩኝ አድርጌ ሠራሁና ስፒናውን ሳልከድን ሰጠኋቸው። ተመለከቱት። «ጥሩ ነው» ብለው አስቀመጡት።

ስፒናውን መልሼ አቀበልኳቸው። «ጋሼ፣ አይጎትቱትም እንዴ?»

«ያንተን?»

«የኔን።»

በአንድ እጃቸው ስፒናውን፣ በሌላው ገመዱን ይዘው ባለ በሌለ ኃይላቸው ሳቡት። መብራቱ ከኮሞዲኖው ተጎትቶ ወደቀ፣ አምፖሉ ተፈረካከሰ፤ ሽቦው ግን ንቅንቅ አላለም። ስብርባሪውን ዞር ብለው እንኳ አላዩትም።

«የልጅቷን ክፍል ከእንግዲህ አንተ ትፈትሻለህ?»

«እፈትሻለሁ።»

«እንግዲያው ዛሬ ጡረታ ወጣሁ» አሉ።

ቤቴ እስክደርስ ከፋኝ። በሳምንቱ ግን በፀጉር አስተካካዩ በኩል ሳልፍ መብራቱ ጠፍቶ፣ አንድ ግማሽ ጭንቅላቱ የተላጨ ሰው በር ላይ ቆሞ ይነጫነጫል። ከውስጥ «ጎትተው እስቲ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።