ግዛው የተረጎመው ጨለማ

የሰው ልጅ ከሥዕል ፊት አንገቱን ዘንበል አድርጎ መቆም ከጀመረ ወዲህ እንደ ግዛው ያለ የተማረ አንገት ዶሃ አልገባም። በረዶ በማይጠፋበት ሩቅ አገር የሥዕል ሒስ አጥንቶ አዲስ አበባ ቢመለስ «ተርጉምልን» የሚለው ሰው ስላጣ፣ አሁን ዌስት ቤይ ባለ አንድ ሆቴል ለእንግዶች የክፍል ቁልፍ በማደል ላይ ይገኛል።

ይህ ሊቅ ትርሃስን ሊያገባ ፈለገ። ትርሃስ ነርስ ናት፤ በዕረፍቷ ሥዕል ትሥላለች። የሁለቱ ወዳጅ ኢንጂነር ውብሸት፣ ዓርብ ዕለት አል ሙንተዛህ ያለው ቤቱ ምሳ ጠራቸውና አዲሱን ሥዕሏን ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ግዛውን ለብቻው ሳብ አድርጎም፣ ቆንጆ ነው በላትና ዝም በል፣ የቀረውን ለእኔ ተውው ሲል አደራ አለው። ግዛው ግን «ቆንጆ ነው» የሚለው አስተያየት በቂ ማስረጃ እንደሌለው ተሰማው።

ሥዕሉ ጨለም ያለ ክፍል ነው፤ የተዘጋ ወፍራም መጋረጃ፣ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ብርጭቆ ውኃ፣ አጠገቡ የተቀመጠች ሴት።

ግዛው ጉሮሮውን ጠረገ። ጨለማው የስደት ሐዘን፣ መጋረጃው የተቆረጠ ተስፋ፣ ሁለተኛው ብርጭቆ ደግሞ የሟች ድርሻ መሆኑን ከነማብራሪያው ለጉባኤው አቀረበ። የውብሸት ሚስት ፈትለወርቅ፣ ሟች ሲባል ሰምታ ነፍስ ይማር አለች።

«ሐምሌ እኮ ነው» አለች ትርሃስ። «ዶሃ ላይ በቀትር መጋረጃ የሚከፍት ማን ነው? ክፍሉ እንዲቀዘቅዝ ከጠዋት የዘጋሁት ነው። ሰው ይመጣል ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።»

«ይህ ላይ ላዩን ሲታይ ነው» አለ ግዛው በትሕትና። «ሠዓሊ የሣለውን ላያውቀው ይችላል። ሴትዮዋ ማንንም አትጠብቅም።»

ውብሸት በክርኑ ጎሸም አደረገው። ግዛውም ይህን ለዕውቀት የሚከፈል መሥዋዕትነት አድርጎ ተቀበለው።

«ሴትዮዋ እኔ ነኝ» አለች ትርሃስ። «ባለፈው ዓርብ ምሳ ና ብዬህ ነበር።»

ግዛው ትዝ አለው። ምሳ ና ማለት ምሳ ና ማለት ብቻ መሆኑን ተጠራጥሮ፣ የመልእክቷን ድባብ ሲመረምር መሽቶበት ነበር።

«እና ሁለተኛው ብርጭቆ…»

«የአንተ ነበር።»

ሊቁን ላብ አጠመቀው። ተሳስቻለሁ፣ ትርጓሜዬን አንስቻለሁ ብሎ በጉባኤው ፊት አወጀ።

«አይ ግዛውዬ» አለች ትርሃስ፣ ሥዕሉን ከግድግዳው እያወረደች። «ሳስበው ልክ ነህ። ሴትዮዋ ማንንም አትጠብቅም። ኸላስ፣ አበቃ።»

ግዛው ከተመረቀ ወዲህ ትርጓሜው ሙሉ በሙሉ ተቀባይነት ሲያገኝ ይህ የመጀመሪያው ነበር።