ትንሽ ነገር ናት

«ትንሽ ነገር ናት» የሚል ደንበኛ ያልገጠመው ዌብሳይት ሠሪ ገና አልተወለደም። ይህ ሰው ትልቅ ነገር ጠይቆ አያውቅም። ትልቅ ቢጠይቅማ እምቢ ብሎ መገላገል ይቻል ነበር። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፣ ዛሬ አንዲት ፊደል፣ ነገ አንዲት ቀለም እያለ ሥራህን ሙልጭ አድርጎ ይዞት ይሄዳል።

የእኔው ክቡር ትንሽ ነገር አልጋና ቁምሳጥን ሠሪ ናቸው። ቢሮዬ የመጡት ያረጀውን ዌብሳይታቸውን በአዲስ እንድቀይርላቸው ነበር። አሮጌው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ዓይን ያቆስላል፤ መደቡ ቢጫ፣ አናቱ ላይ ቀይ ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር ይሮጣል፣ ግርጌው ላይ አንዲት ቢራቢሮ ክንፏን ታራግባለች። አልጋንና ቢራቢሮን ምን አገናኛቸው ብዬ ስጠይቃቸው፣ ዌብሳይቱን ልጃቸው ተማሪ ሳለች እንደሠራችው ነገሩኝ። አሁንስ የት ናት ስላቸው፣ ሌላ ከተማ ሥራ እንደያዘችና ከተነጋገሩም እንደቆዩ ነገሩኝ። እኔም አያገባኝም ብዬ አለፍኩት።

የመጀመሪያውን ንድፍ ሳሳያቸው ከወንበራቸው ተነሥተው በአክብሮት አዩት። ነጭ፣ ጸጥ ያለ፣ እኔ የኮራሁበት ገጽ ነበር። ክቡርነታቸው ከኪሳቸው ሜትር አወጡና የኮምፒውተሬን መስታወት ለኩት። ከዚያም ጆሯቸው ላይ የሰኳትን እርሳስ አንሥተው እዚያው መስታወቱ ላይ ፈዘዝ ያለ መስመር አሰመሩ።

«የድርጅቱ ስም እስከዚህ ይድረስ» አሉ። «ትንሽ ነገር ናት።»

በነጋታው ማለዳ ደወሉ። ቢሮዬ ሲለኩት አንድ ስንዝር የነበረው ስም፣ ቤታቸው ገብተው ስልካቸው ላይ ሲለኩት ሁለት ጣት አልሞላም። እንጨት እንኳ በአንድ ሌሊት እንዲህ ሲኮማተር አይተው አያውቁም። ስልኩ ሲያንስ ጽሑፉም አብሮ እንደሚያንስ ለማስረዳት ግማሽ ቀን ለፋሁ። በትዕግሥት ሰምተውኝ ሲያበቁ፣ በእሳቸው ሙያ ግን አልጋ ጠባብ ቤት ስለገባ እንደማይጠብ አስታወሱኝ።

ከዚያ በኋላ ቢሮዬን ቤታቸው አደረጉት። ነጩ ዓይን ያቀዘቅዛል፣ ትንሽ ወደ ቢጫ ይጠጋ አሉ፤ አስጠጋሁት። ሌላ ጊዜ መጥተው ደግሞ ትንሽ ጨመር ይበል አሉ። ርእሱ ቀላ ቢል ምን ይለዋል? አቀላሁት። ሰንበት ብለው ጽሑፉ እንዲህ ተገትሮ ከሚቀር ትንሽ ቢራመድ አሉ። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል፤ የእኔም ጽሑፍ መራመድ ጀመረ። አብራኝ የምትሠራው ባልደረባዬ ኮቴያቸውን ደረጃው ላይ ስትሰማ ራሷን ያማት ጀመር።

ግርጌው ባዶ ሆነ፣ የምትበር ትንሽ ነገር ብትገባበት ያሉኝ ዕለት ትዕግሥቴ አለቀ። አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን ከፈትኩላቸው። ባልደረባዬም ተነሥታ መጥታ አየች። ያው ቢጫ፣ ያው ቀይ፣ ያው ሩጫ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ አሮጌው ነው» አልኳቸው። «ዞረን ዞረን እዚያው ገባን። ታዲያ ለምን ቀይርልኝ አሉኝ?»

ክቡርነታቸው ሜትራቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«በስልክ በደንብ አይታይም ሲሉኝ ነው ያመጣሁት። ልጄም በስልክ ነው የምታየው፤ እህቴ ነግራኛለች። ለኔ አትደውል እንጂ እሱን ትከፍታለች አለችኝ። ያኔ ሠርታ ስታሳየኝ፣ ደንበኛ እየሰማ፣ ይሄ የልጅ ጨዋታ ነው አልኳት። ከዚያ ወዲህ ነገራችን ቀዘቀዘ። እና አሁን ስትከፍተው የሰው ቤት እንዳይመስላት ብዬ ነው።»

ያን ቢጫ ስረግም የከረምኩት እኔ ቢራቢሮዋን ከአሮጌው ገጽ ራሴ አውጥቼ፣ ስልክ ላይም እንድትበር አድርጌ ቦታዋ መለስኳት። እሳቸውም አዩዋት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ምንም ሳይለኩ ወጡ።

አዲሱ ዌብሳይት ተከፈተ። ከሠራኋቸው ሁሉ የመጨረሻው አስቀያሚ እሱ ነው፤ ባልደረባዬም ለማንም እንዳላሳየው አስጠንቅቃኛለች። ሳምንት ሳይሞላ ስልኬ ጮኸ።

«ትንሽ ነገር ናት» አሉኝ። ድምፃቸው ግን የማውቀው ድምፅ አልነበረም። «ልጄ ደውላ ነበር። ቀዩ ጽሑፍ በጣም ይሮጣል፣ ለማንበብ አይመችም አለችኝ። ትንሽ ቀስ ይበል ትላለች።»

እርስዎስ ምን ይላሉ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«እኔ ምን አገባኝ» አሉ። «ሥራው የሷ ነው።»

ስልኩን ሳልዘጋ ጽሑፉን ቀስ አደረግኩት። ነገ ደግሞ ስለ ቢራቢሮዋ ክንፍ እንደሚደውሉ አውቃለሁ። ይደውሉ።